የፋና ተራ

ዳንግላ ውስጥ ሰው የሚከስበት፣ የሚከሰስበት ወይም መንግሥትን የሚለምንበት ነገር ሲገጥመው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዳኛም ወደ ሹምም አይደለም፤ ወደ ዓባይነህ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛዋ አንድ እግሯ አጥሮ በድንጋይ የተደገፈች፣ ከመሥሪያ ቤቶቹ አጥር ሥር ቀለሙ በለቀቀ ትልቅ ጃንጥላ ተጠልላ የምትውል ናት። እሱ ከኋላዋ ተቀምጦ ማመልከቻ ይጽፋል። ሃያ ስድስት ዓመት ጽፏል። በኮምፒዩተር የሚጽፉት ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ከከፈቱ ወዲህ ገበያው ቢቀዘቅዝም፣ ነገሩን ሊናገር ሲል እንባ የሚቀድመው ሰውና አማርኛ የሚያጥረው ገበሬ ዛሬም የሚመጡት ወደ እሱ ነው። ኮምፒዩተር አገውኛ አይሰማም፤ ቢሰማም ትዕግሥት የለውም።

ሥራውን የመረጠው እንዲሁ አይደለም። አባቱ ከአዲስ ቅዳም በላይ የነበረቻቸውን ሁለት ጥማድ መሬት ያጡት ችሎት ፊት ቆመው ነው። የሚሉት ጠፍቷቸው አልነበረም፤ የሚሉትን በአማርኛ ማለት አቅቷቸው ነበር። ሦስት ጊዜ ተጠየቁ፣ ሦስት ጊዜ ዝም አሉ፣ መሬቲቱም ለአፈኛው ጎረቤት ሄደች። ዓባይነህ ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበር፤ አማርኛውን እያወቀው አጠገባቸው ቆሞ አየ። ከዚያ ወዲህ ሐቅ ይዞ አንደበት ያጣ ሰው ሲያይ አንጀቱ አይችልም። ጥሩ ጠባይ ነው። ጥሩ ጠባይ ያለው ሰው ግን ክፉ ነገር ሲያደርግ ራሱንም አይጠረጥርም፤ የዚህ ታሪክ ጣጣ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥር ወር ውስጥ ሦስት ሰዎች በየሳምንቱ መጥተው ሦስት ማመልከቻ አጻፉት።

የመጀመሪያዋ ሚልካ ነበረች። ገበያው ዳር ልብስ ትሰፋለች፤ ዓመት ያልሞላው ልጅ አዝላ ነው ስፌት መኪናውን የምትረግጠው። የከተማው ፕሮቴስታንት ጉባኤ ወኪሉ አድርጎ የላካት ቆፍጣና በመሆኗ ነው። የጉባኤው ሰዎች ከየአገሩ የተሰባሰቡ ናቸው፤ ሲሞቱ ግን የሚቀበሩበት ስንዝር መሬት ከተማው ውስጥ የላቸውም። ሬሳቸውን በአይሱዙ ጭነው ባሕር ዳር ድረስ ይወስዱታል። ያን ሰሞን ደግሞ ሽማግሌያቸው አቶ ቢሻው በጠና ታመው ተኝተዋል። «እሳቸውን እንደ ጆንያ ልጭናቸው ነው ጋሽ ዓባይነህ?» አለችው።

ሁለተኛው በኃይሉ ነው። ከቆላው ግጭት ሸሽተው ከመጡት ሰዎች አንዱ ነው። እዚያ ሰሊጥ ያመርት ነበር፤ እዚህ ጆንያ ይሸከማል። እሱና ሌሎቹ ተፈናቃዮች ከከተማው ጫፍ በላስቲክ መጠለያ ሥር ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። መታወቂያ ግን የሚሰጣቸው አጡ። መታወቂያ የሌለው ሰው ቤት አይከራይም፣ ስልክ ቁጥር አያወጣም፣ ልጁን ትምህርት ቤት አያስመዘግብም፣ ኬላ ላይ ከመኪና ይወርዳል። «ሰው መሆናችንን የሚመሰክር ወረቀት ነው የምንፈልገው» አለ፤ ዓባይነህም ይህንኑ ሳይቀንስ ሳይጨምር ጻፈለት።

ሦስተኛዋ ፋና ናት። ከወንዙ ማዶ ያለው የሸክላ ሰፈር ሴት ናት። ጀበናው፣ ድስቱ፣ ጋኑ፣ ለከተማው የሚበቃው ሁሉ የሚወጣው ከእሷና ከጎረቤቶቿ እጅ ነው። አያቶቻቸው የቆፈሩት የሸክላ አፈር ጉድጓድ ለአንድ ብሎኬት አምራች ተሰጥቶ በሽቦ ታጠረ። በእነሱ ሙያ ያ አፈር ቀረ ማለት ሌማት ተደፋ ማለት ነው፤ ሌላው አፈር እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። ፋና ማመልከቻዋን ስታጽፍ አላለቀሰችም። ቆማ ነው ያጻፈችው፤ ተቀመጪ ያላት ሰው አልነበረምና።

ምክንያቱን እዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሸክላ ሠሪ ጠይብ ነው ይባላል፤ ጠይብ ደግሞ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል ይባላል። ሰው ድስቱን ከፋና እጅ ይገዛል፣ ቤቱ ወስዶ ያሟሸዋል፣ ወጡን ይሠራበታል፤ ፋና ከሠራችው ወጥ ግን አይቀምስም። ይህን ጉድ እንደ ተራ ነገር ይዘን ስንት ዘመን ኖርን!

ሦስቱም ማመልከቻዎች ከከተማው ጽሕፈት ቤት በየተራቸው ተመለሱ። ዓባይነህ የመልሱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ ሲያነብ የሰዎቹ ስም ቢለያይም ቃሉ አንድ ሆኖ አገኘው። «የጥቂት ግለሰቦች ጥያቄ በመሆኑ ወደፊት ከሌሎች ጉዳዮች ጋር ተገናዝቦ የሚታይ ይሆናል» ይላል ሦስቱም። ንዴት ጆሮ ግንዱን አነደደው። ያን ቀን ሌላ ሰው ሳያስተናግድ ዋለ። ጥቂት ከሆኑ ብዙ ማድረግ ነው አለ ለራሱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ይህን ተረት ያላወቀ የለም፤ ሎሚውን ተካፍሎ የተሸከመ ግን እምብዛም አይታይም።

ሦስቱን ሚልካ ሱቅ ሰብስቦ አነጋገራቸው።

«ወንፈል ታውቁ የለም?» አላቸው። «ዛሬ የእኔን እናጭዳለን፣ ነገ ያንተን። ለአዝመራ ብቻ ነው ያለው ማነው? ለአንዱ አቤቱታ ሁላችሁም ትፈርማላችሁ፤ ሁላችሁም ወጥታችሁ ከበሩ ላይ ትቀመጣላችሁ። የአንዱ ሲያልቅ ወደ ሚቀጥለው። ጥቂት ናችሁ የሚለን ካለ ያኔ እናያለን።»

«ሰባ ሰው እንሞላለን» አለ በኃይሉ ዓይኑ በርቶ።

«ባለተራው ደግሞ ጠዋት ያበላል» አለች ሚልካ። «ወንፈል ያለ ምግብ የለም። እኔ እችላለሁ።»

ፋና ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። «እኛን ወንፈል ያስገባን ሰው ኖሮ አያውቅም» አለች፤ ፈገግ እንዳለች ነው ያለችው።

«እንግዲያስ ዘንድሮ ትገባላችሁ» አላት ዓባይነህ፤ ወዲያው ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

ለምን ኖሮ እንደማያውቅ አልጠየቃትም። አይጠየቅማ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ወንፈል ውስጥ የገባ ሰው ባለተራው ቤት ሊበላ ግድ ነው፤ ሸክላ ሠሪ ቤት የሚበላ የለም፤ ስለዚህ ሸክላ ሠሪ ማሳ ላይ ወንፈል ወጥቶ አያውቅም። ዓባይነህ የገበሬ ልጅ ሆኖ ይህ ይጠፋዋል?

ተራውን በእጣ አወጡት። ሚልካ አንድ ቁልፍ፣ በኃይሉ የእስክሪብቶ ክዳን፣ ፋና አንዲት ገል ሰጡ፤ ዓባይነህ ባርኔጣው ውስጥ ጨምሮ ነቀነቃቸውና በዚያ የሚያልፍ ባለጋሪ አንድ እንዲያነሣ ለመነው። ባለጋሪው ልጓሙን በአንድ እጁ እንደያዘ እጁን ሰዶ ገሏን አወጣ።

የፋና ፊት ሲበራ ዓባይነህ ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየው። በማግስቱ ጋሪ ተሳፍሮ ወንዙ ድረስ ሄደ፤ እዚያው ድልድዩ ላይ አስጠርቶ አነጋገራት። አቶ ቢሻው ከሳምንት የሚያልፉ አይመስሉም፤ ተራሽን ለሚልካ ብትለቂላት አላት። ፋና ብዙ አላሰበችም።

«ሞት ቀጠሮ አይሰጥም» አለች። «ይቅደሙ።»

የካቲት መጀመሪያ ላይ ሰባ ሰዎች በሚልካ ጉባኤ ግቢ ቁርስ በልተው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ተሰልፈው ሄደው ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተቀመጡ። አልጮኹም፣ አልዘፈኑም። ተቀመጡ ብቻ። ሹሙ በመስኮት አየና «ምንድን ነው፣ ሰርግ ነው?» አለ። በሁለተኛው ቀን አልቀለደም። በአራተኛው ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ከባሕር ዛፉ ሥር ያለው ተዳፋት ለመቃብር ተፈቀደ። አቶ ቢሻው በሳምንቱ አረፉ። መቃብራቸውን የቆፈሩት የፋና ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ከአፈር ጋር ለመነጋገር ከእነሱ የተሻለ ማን አለ። ሚልካ ያን ቀን የፋናን እጅ ይዛ አለቀሰች፤ ዓባይነህም በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

አንድ ነገር ግን አይቷል። በቁርሱ ቀን ለሌላው ሰው በትልልቅ ትሪ ሲቀርብ ለፋና ሰዎች አሥራ ሦስት ሳህን ለብቻ ወጥቶ ግንቡ ጥግ ተቀምጦላቸው ነበር። ማንም ምንም አላለም። እነሱም አላሉም።

ከዚያ የፋና ተራ ደረሰ። ዓባይነህ እንደገና ወደ ድልድዩ ወረደ። የተፈናቃዮች ምዝገባ በመጋቢት ይዘጋል፤ ካመለጣቸው ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው፤ በኃይሉ ይቅደም አላት። ይህም እውነት ነበር። የዓባይነህ ምክንያቶች ሁልጊዜ እውነት ናቸው፤ ክፋታቸውም ይኸው ነው።

ፋና በዚህኛው ጊዜ ወዲያው እሺ አላለችም። «የቀረን አፈር ለሁለት ወር ነው» አለች። «ከዚያ በኋላ ባዶ እጃችንን ነን።»

«በኋላ ሁላችንም ላንቺ ነን» አላት። «ሰባ ሰው ላንቺ ብቻ።»

መጋቢት ጾም ነበርና በኃይሉ ንፍሮ አበላ። የላስቲክ ቤት ሰው ምን አለው? ስንዴውን ከእርዳታ ቀንሰው ነው የቀቀሉት። ስድስት ቀን ተቀመጡ፤ በሁለተኛው ቀን ፖሊስ መጥቶ ስማቸውን መዘገበ፣ ሦስት ሰዎችን ወስዶ ሲመሽ ለቀቃቸው። ከሦስቱ ሁለቱ የፋና ጎረቤቶች ነበሩ። በስድስተኛው ቀን መታወቂያው ተፈቀደ። በኃይሉ የራሱን መታወቂያ ሲቀበል ፎቶውን ደጋግሞ አየና «እኔ ነኝ» አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

የሸክላ ሰፈር ተራ በግንቦት ሆነ። ፋና ቀኑን የመረጠችው አስባበት ነው። ፋሲካ ከዋለ በዓለ ሃምሳ አላለፈምና ጾም የሚባል ማምለጫ የለም። ማክሰኞ ነው፤ የገበያ ቀን አይደለም። ለሚልካ ሰዎች የማያሰክር ቅሪቦ ጠመቀች፤ ለሌላው ጠላ። የድንች ወጥ ሠራች፣ ስምንት ዳቦ ጋገረች። ከሁሉም በላይ የቀረቻቸውን አፈር አሟጠው ሰባ ጎድጓዳ ሳህን ሠሩ፤ ፍም የመሰሉ፣ አዳዲስ፣ ማንም ያልበላባቸው። ሰው የሚሸሸው ዕቃውን ከሆነ ዕቃው ንጹሕ ይሁን ብለው ነው። ይህን ሲሠሩ ሁለት ሳምንት ገበያ አልወጡም።

ዓባይነህ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ግቢው ተጠርጓል። አግዳሚ ወንበር የሚያውሳቸው ስለሌለ ግንድ አጋድመው መቀመጫ አበጅተዋል። ፋና አዲስ ነጠላ ለብሳለች። «እርስዎ ይቅደሙ እንጂ፣ ይቀመጡ» አለችው። «ሰው ይምጣ፤ እኔ ልቀበላቸው» ብሎ ወደ ድልድዩ ወጣ።

መጡ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከወንዙ ወዲያ በከተማው በኩል ያለው መንገድ በሰው ሞላ። ዓባይነህ ሲያያቸው እግዚአብሔር ይመስገን አለ። የቆሙት የቀሩትን ለመጠበቅ መስሎት ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን መንገዱ ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። አንዱም ድልድዩን አልረገጠም።

ተሻግሮ ወደ በኃይሉ ሄደ።

«ምነው? ምግቡ ቀዘቀዘ እኮ።»

«እኛ በልተን ነው የመጣነው ጋሼ» አለ በኃይሉ መሬት መሬት እያየ። «እዚህ እንጠብቃችኋለን። በልታችሁ ስትጨርሱ አብረን እንሄዳለን። መቀመጡን እንቀመጣለን፤ ለእሱ አትሥጉ።»

«ሁላችሁም በልታችሁ መጣችሁ?» ዓባይነህ ከኋላ የተቀመጡትን አየ። የበላ ሰው ፊት አልነበረም።

በኃይሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ እኛ እዚህ አገር እንግዳ ነን። ያገሩ ሰው የማይበላውን እኛ ቀድመን ከበላን ነገ ምን እንባላለን? እነሱ ናቸው ተብለን አብረን ልንጠራ ነው? የመታወቂያችን ቀለም ገና አልደረቀም።»

ዓባይነህ ወደ ሚልካ ዞረ። ሚልካ ልጇን አቅፋ ቆማለች፤ ፊቷ በርበሬ መስሏል።

«እኔ በዚህ ነገር አላምንም» አለች ሳይጠይቃት። «ጌታ ከዚህ ሁሉ ነጻ አውጥቶናል፤ እሑድ እሑድ ይኸው አይደል የምንሰብከው?»

«እንግዲያስ ነይ።»

ጥቂት እርምጃ ሄደች። ድልድዩ መግቢያ ላይ ደረሰች። ከማዶ ፋና አጥሩ በር ላይ ወጥታ ታያታለች። ሚልካ አንድ እግሯን ድልድዩ ላይ አሳረፈች፤ ቆመች፤ ልጁን ወደ ደረቷ አስጠግታ በነጠላዋ ሸፈነችው።

«አላምንበትም» አለች እንደገና፤ አሁን እያለቀሰች ነበር። «ግን ልጅ አለኝ።»

ተመለሰች።

ዓባይነህ ወደ ፋና ሮጠ። ያን ቀን ያን ድልድይ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰበት እግዜር ይቁጠረው። በኃይሉ ያለውን ነገራትና ምግቡን ተዪው አላት፤ ሰዎቹ ለመሄድ ተዘጋጅተዋል፤ ሰባ ሰው በሩ ላይ ከተቀመጠ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ የሚበልጠው ጉድጓዱ ነው።

«አንድ ሰው ይግባ» አለች ፋና። «አንድ። ቁራሽ ዳቦ ይቁረስና እንሄዳለን።»

«ለምን ትገግሚያለሽ? በአንድ ቁራሽ ዳቦ ነገር ይበላሻል?»

«ጉድጓዱን ለምን እንደምፈልገው ረሱት እንዴ? ሰው የሚበላበት ዕቃ ልሠራበት እኮ ነው። ወንዝ ዳር ቁጭ ብለው በልታችሁ እስክትጨርሱ እንጠብቃለን የሚሉኝን ከኋላ አስከትዬ ሄጄ ምን ልበል? እነዚህ የእኔ ሰዎች ናቸው ልበል?»

ከጀርባዋ የሰፈሯ ሰዎች ቆመዋል። አንድም የተቀመጠ የለም። አዳዲሶቹ ሳህኖች በመደዳ ተደርድረዋል፤ ድስቱ ላይ ዝንብ ማረፍ ጀምሯል። ዓባይነህ ተመልሶ ሄደ፤ አንድ ሰው አለ፣ አንድ ብቻ፤ ለመነ፣ ተቆጣ፣ በማርያም አለ፣ በጌታ አለ። ሰው ሁሉ የጎኑን ሰው አየ። ሁሉም ሌላው ቢሄድ ደስ ይለው ነበር።

አራት ሰዓት ላይ የግንቦት ዝናብ መጣ። ከባሕር ዛፉ ሥር የነበሩት መጀመሪያ ሁለት፣ ቀጥሎ አምስት፣ ቀጥሎ ሁሉም ልብሳቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ወደ ከተማ ሮጡ። ዝናቡ ለብዙዎቹ ገላጋይ ሆነላቸው። ሚልካ ስትሄድ ወደ ኋላ ዞራ አላየችም።

ዝናቡ ሲያባራ አሥራ ሦስት ሸክላ ሠሪዎችና ዓባይነህ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደው ተቀመጡ። ሹሙ ከምሳ ሲመለስ አገኛቸው። ግራ ቀኝ አየና ከልቡ ተገርሞ «ያ ሁሉ ሰውስ?» አለ። ማመልከቻቸውን እዚያው ቆሞ ተቀብሎ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መልሱን ጻፈላቸው። ዓባይነህ የመልሱን ቃል ማንበብ አላስፈለገውም። ፋና ግን አነበበችው፤ ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

ወደ ሰፈሩ ተመለሱ። ዓባይነህ አብሯቸው ገባ። መግባቱ ሳይታወቀው ነው፤ ድልድዩን አለፈ፣ አጥሩን አለፈ፣ የተጋደመው ግንድ ላይ ተቀመጠ። ምግቡ እንዳለ አለ። ሴቶቹ ጠላውን ከጋኑ እየቀዱ ወደ ጓሮ ይደፉ ነበር።

ፋና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ጋሽ ዓባይነህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እጣው ለእኔ ሲወጣ ተራሽን ልቀቂ ያሉኝ ለአቶ ቢሻው ብለው ነው?»

«አዎ። ሰውየው እኮ ሊሞቱ…»

«ሁለተኛውስ ለምዝገባው?»

«ሊዘጋ ነበር።»

«እሱን አልካድኩም» አለች። ድምፏ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «እኔ ያኔ በጥር ቀድሜ ቢሆን እነዚህ ሰዎች ያኔም ወንዙን አይሻገሩም ነበር። ነገሩ እዚያው በመጀመሪያው ቁርስ ይፈርስ ነበር። መቃብርም የለ፣ መታወቂያም የለ። ይህን ያውቁ ነበር?»

ዓባይነህ የሰው ነገር አሳምሮ መጻፍ ሥራው ነው። ሌላ ምላሽ ሊፈጥር ይችል ነበር፤ እርዳታ ፈልጎ ዙሪያውን አየ፣ አሥራ ሦስቱም ሰዎች እየሰሙ ናቸው።

«አውቅ ነበር» አለ። «እስኪላመዱሽ ብዬ ነው። ሁለት ጊዜ አብረውሽ ሲቀመጡ፣ አብረውሽ ሲታሰሩ፣ ሦስተኛው ላይ ይተዉታል ብዬ።»

«ካልተዉትስ ብለው አላሰቡም?»

ዓባይነህ ወደ ተደረደሩት ሳህኖች ዞረ።

«አስበዋል» አለች ፋና። «ካልተዉት የሚቀረው የእኔ ብቻ ነው ብለው አስበዋል። የሁለቱ ይሆናል፤ ከሦስት ሁለት መልካም ነው። ቢነግሩኝ እኮ ምናልባት እሺ እል ነበር። አልነገሩኝም። በመጀመሪያው ቁርስ ቀን ግንቡ ጥግ ሲያስቀምጡን ደግሞ ዓይኔን አይተው ፊትዎን አዞሩ።»

ሐፍረት ከእግሩ ጀምሮ ወጣበት። ጠዋት ይቀመጡ ስትለው ለምን ወደ ድልድዩ እንደወጣ፣ አንድ ሰው ብቻ እያለ ያን ሁሉ ሰው ሲለምን አንድ ሰው እሱ ራሱ መሆን ይችል እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባው። ያ ሁሉ ምልልስ እግሩን አደከመ እንጂ ወደ አፉ ቁራሽ አላስገባም። እጁን ዘርግቶ ከተደረደሩት ሳህኖች አንዱን አነሣ። የቀዘቀዘውን የድንች ወጥ በጭልፋ ጨለፈ፤ ዳቦ ቆረሰ። 

ፋና ሳህኑን ከእጁ ወሰደችው። አልነጠቀችውም፤ ቀስ ብላ ነው።

«ይተዉት» አለች። «ጠዋት ቢሆን ለእኔ ይበሉልኝ ነበር። አሁን የሚበሉት ለራስዎ ነው።»

ወጡን ወደ ድስቱ መልሳ ሳህኑን ከሌሎቹ ላይ ደረበችው።

ጉድጓዱ ላይ ዛሬ ብሎኬት ይመረታል። ከሸክላ ሰፈር ቤቶች ግማሹ ተዘግተዋል፤ ሰዎቹ ወደ ጫግኒ ወርደው የቀን ሥራ እንደሚሠሩ ይወራል፤ ፋናም አብራ ሄዳለች። ሚልካ ዓባይነህን መንገድ ላይ ስታገኘው ሰላምታዋ አጭር ነው። እሱ አሁንም ከጃንጥላው ሥር ተቀምጦ ይጽፋል። አልፎ አልፎ የተለያዩ ሰዎች ተሰባስበው አቤቱታችንን በአንድ ጻፍልን እያሉ ይመጣሉ፤ ስለ ወንፈሉ ሰምተዋልና። እስክሪብቶውን ከማንሣቱ በፊት እያንዳንዳቸውን ዓይን ዓይናቸውን እያየ አንድ ነገር ይጠይቃቸዋል፤ በመጀመሪያው ቀን የማን ቤት ነው የምትበሉት ይላቸዋል። አብዛኞቹ እርስ በርስ ተያይተው ይነሣሉ።